በካርታው ላይ ስለሌሉት ጎረቤቶቼ፦ ስለ አዲስ ስታዲየም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በደሴ ከተማ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ለሚያስቡ፣ ለሚያቅዱና ለሚወስኑ ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ለከተማዋ ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የስታዲየም ቦታ ከመመረጡ በፊት በሰፈሩ የሚኖረው ሰው ሁሉ፣ ተከራዩም ጭምር፣ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁና ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችንን ቅሬ በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ቅሬ በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው፤ በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስሙ በአንድ መዝገብ ሰፍሮ በአንድ ድንኳን ሥር ሐዘኑን የሚወጣበት ማኅበር ነው። የሰፈራችንን ስም ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሆን ብዬ አልጻፍሁም። ስሙ በአደባባይ የወጣ ዕለት ደላላው ከመሐንዲሱ ቀድሞ እንደሚደርስ ስላየሁ ነው።

ያየሁትን ላስረዳ። ባለፈው በጋ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የመለኪያ መሣሪያ የተከሉ ወጣቶች ወደ ሰፈራችን መጥተው ሁለት ቀን ሙሉ ሲለኩ ዋሉ፤ በአንዳንድ አጥሮችና በመብራት ምሰሶዎች ላይም በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ቀርበን ብንጠይቃቸው የታዘዙትን ከመለካት በቀር ስለ ምክንያቱ የሚያውቁት እንደሌለ ነገሩን፤ የሚዋሹም አልመሰለኝም። በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ "ስታዲየም ሊሠራ ነው" ይል ጀመር። ወሬው ከማን እንደተነሣ አይታወቅም፤ የተለጠፈ ማስታወቂያ የለም፤ ለስብሰባ የጠራን አካልም የለም። ወሩ ሳይሞላ ግን ወሬው ሥራውን ሠራ። ግቢያቸውን በየክፍሉ ከሚያከራዩ ጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ኪራይ ጨመሩ፤ ሌሎቹ "ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ" ብለው ተከራያቸውን አስወጥተው በሩን ቆለፉ፤ በዘመድ ጥየቃ ሰበብ የሚመጡ እንግዶች ቡናቸውን ሳይጨርሱ "ግቢው ስንት ካሬ ነው?" ማለት ጀመሩ። አንድ ድንጋይ ሳይነሣ፣ አንድ ብረት ሳይቆም፣ ከቅሬያችን መዝገብ ላይ ስሞች እየጠፉ መጡ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

ነገሬን ኳስ የማይወድ ሽማግሌ ቅሬታ አድርጎ የሚያነብ እንዳይኖር አንድ ነገር ላስቀድም። በልጅነታችን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በሠራናት ኳስ ስንጫወት ኳሷ ከሜዳው ካመለጠች ቁልቁለቱን ይዛ ስለምትሄድ፣ የመታት ልጅ ራሱ ወርዶ ማምጣት ግዴታው ነበር፤ የደሴ ልጅ ኳስ መቆጣጠር የተማረው በዚህ ቅጣት ነው እያልን እስከ ዛሬ እንቀልዳለን። ግጥሚያ በሚኖርበት ቀን የመግቢያ ሳንቲም የሌለን ልጆች ዳገቱ ላይ ወጥተን ቁጭ እንል ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉ ርካሽ መቀመጫዎች መኖራቸውን የሰማነው በኋላ ነው፤ የእኛ ሚስማር ተራ ተራራው ነበር። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ስታዲየም አይጠላም።

የስታዲየም ጥያቄ በዚህ ጊዜ ለምን እንደበረታም ይገባኛል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም መሥፈርቱን አያሟላም በማለቱ፣ በኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ብሔራዊ ቡድናችን ባለሜዳ ተብሎ በሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አልፈዋል። በጥቅምት 2017 ደግሞ ኢትዮጵያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ማስተናገድ እንደምትፈልግ ኮንፌዴሬሽኑ አዲስ አበባ ላይ ባካሄደው ጉባኤ አሳውቃለች። ይህን የሰማ ከተማ ሁሉ "እኔስ?" ቢል አይፈረድበትም፤ ደሴም ብትል መብቷ ነው።

ነገር ግን ስታዲየም ከተመረቀ በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከእኛ በስተ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ወልድያ፣ በጥር 2009 ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ያማረ ስታዲየም በባለሀብት ገንዘብ ተሠርቶ ተመርቋል። በ1999 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወልድያ ከተማ ነዋሪ 46,000 ገደማ ነበር፤ ይህም ማለት በቆጠራው ልክ ከሄድን ከሕፃን እስከ አዛውንት ከነዋሪው ከግማሽ የሚበልጠው ካልገባ መቀመጫው አይሞላም። የከተማዋ ክለብም በ2010 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። ይህን የምጽፈው ወልድያን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኋላ በጦርነቱ ያየችው መከራም የማንም ዕቅድ አውጪ ጥፋት አይደለም። የምለው፣ ስታዲየም ቡድን እንደማይወልድ ነው። በዚያ ላይ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ ከ2013 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት የተካሄደው ክለቦች በየከተማቸው እየተጋበዙ ሳይሆን፣ ሁሉም በጥቂት የተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው እየተጫወቱ ነው። በዚህ አካሄድ አስተናጋጅ ሆና የተመረጠች ከተማ ለጥቂት ሳምንታት ትሞቃለች፤ ሳትመረጥ የቀረችው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ባዶ መቀመጫ ትጠብቃለች። ስለዚህ "ስታዲየሙ ለሰፈሩ ገበያ ያመጣል" የሚለው ተስፋ በስንት የጨዋታ ቀን ተባዝቶ እንደተሰላ ቢነገረን ደስ ይለናል።

ወደ መሬቱ ልምጣ፤ የደሴ ጉዳይ ሁሉ መጨረሻው መሬት ነውና። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በጠባብ ሸለቆ የተዘረጋች ከተማ ናት። አንድ ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር ነው፤ ይህ ብቻውን 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዙሪያውን የ400 ሜትር የሩጫ መም ከተጨመረበት ከአንድ ሄክታር ተኩል ያልፋል፤ የተመልካች መቀመጫው፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መግቢያው፣ የመኪና ማቆሚያውና የውስጥ መንገዱ ሲታከሉ ደግሞ ስፋቱ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በደሴ እንዲህ ያለ ደልዳላ መሬት ባዶውን ተቀምጦ አይገኝም። ደልዳላ የሆነው ሁሉ ሰው ሰፍሮበታል፤ ሰው ያልሰፈረበት ደግሞ ወይ ገደል ነው፣ ወይ በክረምት የሚንሸራተት መሬት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛ ሰፈር ግማሹ ደልዳላ፣ ግማሹ ዳገት ነው። ዳገቱን ቆርጦ፣ የተቆረጠውን አፈር ከታች ደልድሎ ሜዳ ማስፋት በወረቀት ላይ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከተራራ ላይ በጊዜ ብዛት ተንዶ የተጠራቀመ አፈር ግርጌው ሲቆረጥ ከላይ ያለው የሚደገፍበትን ያጣል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲገባበት ደግሞ ክብደቱ ይጨምርና ይንሸራተታል። የደሴ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ የበሩ መቃን ሲጣመም፣ አጥሩ ወደ ጎረቤት ሲያዘነብል አይቶ ነው ያወቀው። ቀድሞ አፈር ይመጠው የነበረው ዝናብ በኮንክሪትና በአስፋልት ላይ ሲወርድ የሚሄድበት ቦይ ካልተዘጋጀለት በየቤቱ ይገባል፤ ከዚያም ተሰብስቦ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፤ ቦርከና ደግሞ ከእኛ ጋር አያበቃም፤ ታች ኮምቦልቻ ያለው ወገናችን ይጠብቀዋል። ስለዚህ የአፈርና የቁልቁለት ጥናት ተደርጎ እንደሆነ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ካልተደረገም ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይደረግ። "ለምን ወደ ቦሩ ሜዳ አይወሰድም?" የሚሉ የሰፈሬ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ያም የገበሬ ማሳ ነው፤ የራሴን ጭንቀት ጠቅልዬ ለሌላ ሰው ማሸከም አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ደረስሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያው አንቀጽ ግን የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። ይህን በዝርዝር ለማስፈጸም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ ዓይነትና ስለ ጥቅሙ እንዲመከሩ፣ መልሶ ማልማት በሚካሄድበት ቦታ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ የማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ፣ ቅር የተሰኘም ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት አካል እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ማሻሻያ ተደርጎበታል። ከነዚህ ድንጋጌዎች ዛሬ በእኛ ላይ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በየሰፈሩ ቢለጠፍ፣ የግማሹን ሰው እንቅልፍ ይመልሳል። ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ አዋጅ ማንበብ የሚችል ሰው በሰፈራችን ብዙ አይደለም።

የእኔ ጭንቀት ግን አዋጁ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ ስለማያውቀው ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው ጎረቤቴ ካሳው ያንስ ይሆናል እንጂ መደራደሪያ አለው፤ ስሙ በካርታ ላይ አለ። በቀበሌ ቤት የሚኖረውም ቢሆን ስሙ ከቀበሌው የኪራይ ደብተር ስለሚገኝ ምትክ የመንግሥት ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመጠየቅ መንገድ አለው። እርግጥ በዚያም ውስጥ ሌላ ጉዳይ ተቀብሯል። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱ ወዲህ በአያት ስም የተያዘ አንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ ዛሬ ሦስት ቤተሰብ ጉልቻውን ጎልቷል፤ ወንድምየው ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍሎ ይኖራል፣ እህትየው ጓሮ ቆርቆሮ ቀጥላ ልጆቿን ታሳድጋለች። ለእነዚህ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ስም አንድ ምትክ ቤት ቢሰጥ ሁለቱ ጎዳና ወጡ ማለት ነው። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ግን ከነጭራሹ በየትኛውም ደብተር ላይ የለም። ውሉ የቃል ነው። ደረሰኝ የለውም። ግቢው ሲፈርስ ካሳው የባለቤቱ ነው፤ ተከራዩ የሚደርሰው "ዕቃህን አውጣ" የሚለው ቃል ብቻ ነው።

በቅሬያችን ደንብ ባለቤትና ተከራይ የሚል ልዩነት የለም። ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም ይወጣለታል፤ ሲሞትበት ቀባሪ አያጣም። ስለዚህ የሰፈራችን እውነተኛ ሕዝብ ያለው በእኛ መዝገብ ነው። መዝገቡን ስገልጥ የማያቸውን ሰዎች ስማቸውን ሳልጠራ ልጥቀስ። አንዲት እናት ከአንድ ግቢ ኋላ ያለች ጠባብ ማድ ቤት ተከራይተው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ፒያሳ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች ሳይነጋ ያደርሳሉ። ሰፈራቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ቢዛወር እንጀራው ፒያሳ የሚደርሰው በባጃጅ ነው፤ የባጃጁ ሒሳብ ደግሞ ትርፋቸውን ይበላዋል። ለእርሳቸው አዲስ ቤት ቢሰጣቸው እንኳ ሥራቸው ተወሰደ ማለት ነው፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የእንጨት ምጣድ አይጣድም። ሌላው ከራያ በኩል በ2013 ክረምት ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ አባወራ ነው። ያኔ በከተማችን ትምህርት ቤቶች ወለል ላይ ከተኙት አንዱ ነበር፤ ጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ ደግሞ ከእኛው ጋር ሸሽቶ ከእኛው ጋር ተመለሰ። አገሩ ሲረጋጋ ዘመዶቹ ቢመለሱም እርሱ እዚህ የግንበኛ ረዳት ሆኖ ሥራ ስላገኘ ቀረ። ቀዩን ቁጥር አጥሩ ላይ ያየ ዕለት "እዚህም አገኘኝ?" አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት አላወቅሁም፤ "አብሽር" ከማለት በቀር።

ጠዋት በአንድ ጥግ ላይ ድንችና ሽንኩርት የሚመድቡ የጉሊት ሴቶች አሉ፤ እነርሱ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል፣ ኑሯቸው ግን እዚህ ነው። ሰኞ ገበያ ወርደው በጅምላ የገዙትን እዚህ በመደብ ይቸረችሩታል። እነርሱንም ካርታው አያውቃቸውም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲደረግ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሰፈራችን፣ ለስታዲየም ይታሰባል በሚባልም ሰፈር ሁሉ፣ ቦታው ተወስኖ ከመታወጁ በፊት፣ ማን የት እንደሚኖር፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚኖር፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ባለይዞታ ይሁን የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የግለሰብ ተከራይ ይሁን ጥገኛ፣ ሳይለይ ቤት ለቤት ይመዝገብ፤ ምዝገባውም በሚታወቅ አንድ ቀን ይዘጋ። የሚዘጋበት ቀን አስፈላጊነት ግልጽ ነው፤ አለዚያ ካሳ ይገኛል በሚል ተስፋ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ የሚመታው ሰው ለዓመታት የኖረውን ሰው ድርሻ ይሻማል። በዚህ ምዝገባ ላይ የየሰፈሩ ቅሬዎች ይሳተፉ። ማን መቼ እንደመጣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የዋሸ ሰው ካለም ፊት ለፊት እንዲህ አይደለም የምንለው እኛ ነን፤ ነገ በለቅሶ ላይ እንገናኛለንና።

ሁለተኛው ነገር የኪራይ ጉዳይ ነው። ነባሩ ነዋሪ ከሰፈሩ የሚወጣው በዶዘር ብቻ አይደለም፤ በብዛት የሚወጣው በኪራይ ጭማሪ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ድምፅ ስለሌለው በማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠርና ለማስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ጭማሪም በዘፈቀደ እንዳይደረግ ደንግጓል፤ አዋጁ የሚፈጸምባቸውን ከተሞች የመወሰኑን ሥልጣን ደግሞ ለክልሎች ሰጥቷል። እንግዲህ ይህ አዋጅ ለሥራ የሚያስፈልገው እንደዚህ ያለ ወሬ በገባበት ሰፈር ነው። የእኛ ሰፈር ተከራዮች ውላቸው በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ቢደረግ፣ ነገ ስታዲየሙ ቢመጣ ስማቸው በአንድ የመንግሥት ደብተር ላይ ተገኘ ማለት ነው፤ ባይመጣም የተጎዳ ሰው የለም። አከራይ ጎረቤቶቼ በዚህ ቃሌ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። ብዙዎቹ በጡረታና በሁለት ክፍል ኪራይ የሚተዳደሩ አረጋውያን መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ኑሮ ሲወደድ እነርሱም ከየት ያምጡ? ነገር ግን ዛሬ ተከራያቸውን በውድ ዋጋ የሚያስለቅቃቸው ስታዲየም ነገ የእነርሱንም ግቢ መጠየቁ እንደማይቀር ከቡና ላይ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

በስታዲየም ዙሪያ የሚመጣውንም ንግድ ማንሣት ይገባል። አዲስ አበባ ስታዲየምን ያየ ሰው ከተመልካች መቀመጫው ሥር ዙሪያውን ሱቅና ምግብ ቤት መኖሩን ያውቃል። በእኛም ከተማ ቢሠራ እንዲህ ያለ የንግድ ቤት መኖሩ አይቀርም። እነዚህ ቤቶች በግልጽ ጨረታ ይከራያሉ ቢባል ነገሩ ፍትሐዊ ይመስላል፤ እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ግን ከነጋዴ ጋር ተጫርተው አያሸንፉም። በመሬቱ ላይ የነበረው ሰው ቅድሚያ የማልማት መብት አለው ከተባለ፣ በዚያ መሬት ላይ ይሠራ የነበረውም ሰው በሚሠሩት የንግድ ቤቶች ላይ የተወሰነ ድርሻ በማይጎዳው ኪራይ ቢያዝለት ከሕጉ መንፈስ የራቀ አይመስለኝም። የጉሊቶቹ ሴቶች ሱቅ አይፈልጉም፤ ዝናብ የማያገኘው መደብና ፖሊስ የማያባርራቸው ጥግ ይበቃቸዋል።

ስለ "ጊዜያዊ ማረፊያ" አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ቃል ሲነሣ ልቤ ይደነግጣልና። ደቡብ አፍሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2010ን የዓለም ዋንጫ ለማስተናገድ ስትዘጋጅ በነበረባቸው ዓመታት በኬፕታውን ዳርቻ ለተፈናቃዮች ጊዜያዊ ተብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ሰፈር ነበር፤ ነዋሪዎቹ "ብሊኪስዶርፕ" አሉት፤ የጣሳ መንደር እንደማለት ነው። ዋንጫው አንድ ወር ቆይቶ አለቀ፤ የጣሳው መንደር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ጊዜያዊ ተብለው በገቡት ቤት ውስጥ ልጆች ተወልደው ትምህርት ቤት ገቡ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ላይ ከዶሮ ማነቂያና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የሄዱ ዘመዶች ያሉን ብዙዎች ነን፤ ቤቱ ከቀድሞው የተሻለ ሆኖላቸው እንኳ ትራንስፖርቱና የጎረቤት ማጣቱ እንዴት እንደከበዳቸው በስልክ እንሰማለን። ስለዚህ ምትክ ቦታው ሳይዘጋጅ፣ ውኃና መብራት ሳይገባለት፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳይታወቅ ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይነሣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከተቻለም አንድ ሰፈር አንድ ላይ ይዛወር። ቅሬ በየአቅጣጫው ከተበተነ መዝገብ ብቻ ይሆናል፤ ድንኳን ተሸክሞ ከከተማው ጫፍ ወደ ጫፍ የሚሮጥ ጎረቤት የለም።

በመጨረሻ ስለ ልጆቹ። ዛሬ በሰፈራችን ባለችው ጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ ከትምህርት ቤት መልስ ማንም ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጫወታል። ሜዳው ሣር ሲለብስ አጥር ይመጣል፤ አጥር ሲመጣ ዘበኛ ይመጣል፤ ዘበኛው ሲመጣ ሣሩን የሚረግጠው ፈቃድ ያለው ብቻ ይሆናል። ሣሩን መጠበቅ ተገቢ መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ከትልቁ ሜዳ ጎን ለልጆች የሚሆን አንድ ትንሽ ክፍት ሜዳ በፕላኑ ውስጥ ከወዲሁ ካልተሰመረ፣ ከዚህ ሰፈር የሚወጣው ልጅ ኳስን የሚያውቀው በስልክ ላይ ብቻ ይሆናል። ይህን በዲዛይን ጊዜ ማስመር ወጪው ጥቂት ነው፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ግን የማይቻል ነው።

ለጥያቄዎቻችን ምላሽ የሚሰጥ አካል ካለ፣ ቅሬያችን በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለሚሰበሰብ መጥቶ ቢያነጋግረን በደስታ እንቀበላለን። ለመቃወም የሚጮህ ሰው አይገኝም ብዬ አልምልም፤ ወንበርና ቡና ግን አይጠፋም። ዕቅድ ከሌለ ዕቅድ እንደሌለ፣ ካለም የት እንደደረሰ በጽሑፍ ቢነገረን የአጥሩን ቀይ ቁጥር እያዩ የሚያድሩ ሰዎች ያርፋሉ፤ ደላላውም ሌላ ወሬ ይፈልጋል።

የቅሬውን መዝገብም ከእኔ ጋር ሆኖ ማየት ለሚፈልግ የምዝገባ ሠራተኛ ክፍት አደርጋለሁ። ሁለት ቅጽ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የተከራዮችን ስም በእርሳስ ነበር የሚጽፉት፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ በላጲስ ማጥፋት ይቀላል ብለው ነው። እኔም እንዲሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን የቀሩትን ሁሉ በእስክርቢቶ እየገለበጥሁ ነው፤ እስከ አሁን ግማሹን ጨርሻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የአንድ ሰፈር ቅሬ ጸሐፊ
ደሴ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ቅሬ አባላት
ለሰፈሩ አከራዮችና ተከራዮች
ለከተማዋ ስፖርት ወዳጆች